ለሚጣዬ፣ ስላልተደረገው ምርጫ

አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣

ሚጣዬ፣  አያትሽ «ልጅቷ በልታ ይሆን?» ማለቷን አልተወችም፤ የኔም ጉልበት ደረጃ ባየ ቁጥር ማጉረምረሙን አልተወም። ከዚህ ሌላ ወሬ የለንም።

ለመምህርሽ ጽፈሽ በቴሌግራም የላክሽልኝን ጽሑፍ የጎረቤት ልጅ አትሞልኝ አነበብኩት። ዕድሜውን የታሪክ ፈተና ሲያርም የኖረ ሰው ያለ እርሳስ ማንበብ አይሆንለትምና ዳር ዳሩን ሞነጫጭሬዋለሁ፤ እንዳትቆጪ። ክርክርሽ ግልጽ ነው። ቬትናም በ1956 አገር አቀፍ ምርጫ እንድታደርግ ቀን ተቆርጦላት ነበር፤ አሜሪካ አስቀረችው፤ ምርጫው ቢደረግ ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ባላለቀ ነበር ትያለሽ። ግማሹን እቀበልሻለሁ። ስለ ቀረው ግማሽ በስልክ እንነጋገር ብንል አንቺ ከሥራ ደክመሽ ትገቢያለሽ፣ እኔም የሰው ስም ይጠፋኛል፤ ስለዚህ ወረቀት መረጥኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን የጀመርሽው ከመሃሉ ነው። የምርጫውን ቀን ከቆረጠው ከ1954ቱ የጄኔቫ ጉባኤ በፊት ሌላ የድምፅ ቃል ኪዳን ነበር። ማርች 6 ቀን 1946 የቬትናሞቹ መሪ ሆ ቺ ሚን ሃኖይ ላይ ከፈረንሳይ ጋር ተፈራረመ። ፈረንሳይ ቬትናምን የራሷ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ጦር ያላት ነፃ አገር ናት ብላ ልትቀበል፣ እሱ ደግሞ አገሩ በፈረንሳይ ኅብረት ውስጥ እንድትቆይ፣ የፈረንሳይ ጦርም ወደ ሰሜን እንዲገባ ሊፈቅድ ተስማሙ። የከረረው ጉዳይ ደቡቡ ነበር፤ ኮቺንቺና የሚሉት። ሰሜኑና መካከለኛው ክፍል በወረቀት ላይ በፈረንሳይ «ጥበቃ ሥር» ያሉ ሲባሉ፣ ኮቺንቺና ግን ከ1860ዎቹ ጀምሮ ያለቀለት ቅኝ ግዛት ነው። የጎማ እርሻው፣ ለውጭ የሚሸጠው ሩዝ፣ የፈረንሳይ ባለሀብቶች ገንዘብ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ስለዚህ ሦስቱ ክፍሎች ይዋሃዱ ወይስ አይዋሃዱ የሚለውን ሕዝቡ በድምፁ ይወስን፣ ፈረንሳይም ውሳኔውን ታክብር ተባለ።

ሦስት ወር አልሞላም። ሆ ቺ ሚን ለድርድር ወደ ፈረንሳይ ጉዞ በጀመረ ማግስት፣ ጁን 1፣ የፈረንሳዩ ከፍተኛ ኮሚሽነር አድሚራል ዳርዣንልዮ ሳይጎን ላይ «የኮቺንቺና ሪፐብሊክ» መቋቋሙን አወጀ። ሕዝበ ውሳኔው ውሃ በላው። ኖቬምበር ላይ የሃይፎንግ ከተማ በመድፍ ተደበደበች፤ ዲሴምበር 19 ሃኖይ ላይ ጦርነቱ ፈነዳ።

ከስምንት ዓመት በኋላ ጄኔቫ ላይ ሌላ የምርጫ ቀን የተቀበሉት እንግዲህ ይህን የቀመሱት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ለምን ተቀበሉ? የጽሑፍሽ ትልቁ ጥያቄ ይህ መሆን ነበረበት፤ አንቺ ግን በአንድ መስመር ዘልለሽዋል።

የኢንዶቺና ጉዳይ ጄኔቫ ላይ የቀረበው ሜይ 8 ቀን 1954 ነው፤ የፈረንሳይ የዲየን ቢየን ፉ ምሽግ ለሆ ቺ ሚን ጄኔራል ለጂያፕ ጦር በወደቀ ማግስት። አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልንገርሽ፤ ለመምህርሽ ባይጠቅምም አንቺን ደስ ይልሻል። በዚያ ጉባኤ ላይ የኛም ሰዎች ነበሩ። ጉባኤው ኤፕሪል 26 ሲከፈት የመጀመሪያው አጀንዳ ኮሪያ ነበረች፤ ቃኘው ሻለቃ እዚያ ተዋግቷልና ኢትዮጵያም ወንበር ተሰጣት። ኮሪያንም በምርጫ እናዋህዳት ተባለ፤ ምርጫውን ማን ይቆጣጠረው በሚለው ላይ ተፋጠጡ፤ ጁን 15 ጦር የላኩት አገሮች፣ የኛም ጭምር፣ መግለጫ አውጥተው ነገሩ ያለ ውጤት ተዘጋ። በኢንዶቺናው ክፍል ኢትዮጵያ አልነበረችም። ይህን የምነግርሽ ግን ለወሬ ብቻ አይደለም። ለሁለት የተከፈለ አገር በምርጫ ይዋሃድ የሚለው ሐሳብ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ እነዚያው ኃያላን ፊት፣ ከአምስት ሳምንት በፊት ሲወድቅ ሁሉም አይቶታል። እንደማያስኬድ እያወቁ ነው የጻፉት ብዬ አልምልም፤ ግን ማንም ሳያውቅ የገባበት አልነበረም።

ድርድሩ በሁለት ነገር ላይ ነበር፤ መስመሩ የት ይሰመር፣ ምርጫው መቼ ይሁን። የሆ ቺ ሚን ልዑክ ፋም ቫን ዶንግ መስመሩ በ13ኛው ኬክሮስ እንዲሆን፣ ምርጫው ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ እንዲደረግ ፈለገ። ፈረንሳይ 18ኛው ላይ ቆማ የምርጫ ቀን የሚባል ነገር መስማት አልፈለገችም። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ሜንዴስ ፍራንስ እስከ ጁላይ 20 ሰላም ካላመጣሁ ሥልጣን እለቃለሁ ብሎ ለምክር ቤቱ ቃል ስለ ገባ ሁሉም ሰዓት ይቆጥራል። የቬትናሞቹን እጅ የጠመዘዙት ግን ወዳጆቻቸው ናቸው። ቻይና ከኮሪያ ጦርነት ገና መውጣቷ ነው፤ አሜሪካ ደጇ ድረስ እንድትመጣባት አትፈልግም። የቻይናው ቹ ኤንላይ በጁላይ መጀመሪያ ከጉባኤው ወጥቶ ደቡብ ቻይና ውስጥ ሊውጆ በምትባል ከተማ ሆ ቺ ሚንን አገኘውና ለዘብ በል አለው። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ የሶቪየቱ ሞሎቶቭ 17ኛው ኬክሮስ ይሁን፣ ምርጫው በሁለት ዓመት ይሁን አለ፤ ሆነ። በጦር ሜዳ ያሸነፈው ወገን ከ17ኛው በታች በእጁ የነበረውን ሰፊ መሬት ለቀቀ። በምትኩ የተሰጠው ቀን ነው፤ ጁላይ 1956።

ቀኑ ደግሞ የት እንደተጻፈ ልብ በይ። የተፈረመው ወረቀት የተኩስ አቁም ስምምነቱ ነው፤ የፈረሙትም የሁለቱ ጦር ተወካዮች ናቸው፣ በፈረንሳይ በኩል ጄኔራል ዴልቴይ፣ በቬትናም ሕዝባዊ ጦር በኩል ታ ኳንግ ቡው። እዚያ ውስጥ ምርጫው በጨረፍታ ይነሳል፤ ምርጫ እስኪደረግ ድረስ እያንዳንዱ ወገን የያዘውን ቀጠና ያስተዳድራል ይላል። ቀኑ፣ የሚስጥር ድምፁ፣ ከጁላይ 20 ቀን 1955 ጀምሮ ሁለቱ ወገኖች ይመካከሩ የሚለው፣ መስመሩ ጊዜያዊ እንጂ የአገር ድንበር አይደለም የሚለው፣ ይህ ሁሉ ያለው «የማጠቃለያ መግለጫ» በተባለው ሌላ ወረቀት ላይ ነው። ያንን ወረቀት ማንም አልፈረመም። የአሜሪካው ቤደል ስሚዝ አገሬ ነገሩን በማስታወሻ ትይዘዋለች፣ በኃይል አታፈርሰውም ብሎ አለፈ። በደቡብ ፈረንሳይ የምትደግፈው የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት የባኦ ዳይ መንግሥት ልዑክ ተቃውሞውን አሰማ።

በኛ ቋንቋ ላስረዳሽ። እኛ ዘንድ ሰው ገንዘብ ሲበደር ዋስ ይጠራል። የዚህ ውል ዋስ ፈረንሳይ ነበረች፤ ደቡቡን ያስተዳደረችው፣ ጦሩን ያዘዘችው፣ ብዕሩን የያዘችው እሷ ናት። ዋሱ ግን ቀኑ ሳይደርስ አገር ለቆ ወጣ፤ የፈረንሳይ ጦር አዛዥነት ሳይጎን ላይ የፈረሰው ኤፕሪል 28 ቀን 1956 ነው፣ ለምርጫው ሦስት ወር ሲቀረው። ደቡቡን የተረከበው ሰው ደግሞ እኔ አልፈረምኩም የሚል ነው። እውነቱን ነው፤ አልፈረመም።

ወደሱ ከመሄዴ በፊት ስለ ሕዝቡ ጥቂት ልበልሽ፤ ጽሑፍሽ ውስጥ ሕዝብ የለም፣ መንግሥታት ብቻ ናቸው። ጦሮቹ ተለያይተው እንዲሰፍሩ 300 ቀን ተሰጠ፤ ሰውም በፈለገው በኩል እንዲሻገር ተፈቀደ። ከስምንት መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ፣ አብዛኛው ካቶሊክ፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ መርከብ ወደ ደቡብ ወረደ። ወደ ሰሜን የወጣው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው፤ ደቡብ የተወለዱ የቬትሚን፣ ማለትም የሆ ቺ ሚን ንቅናቄ፣ ተዋጊዎችና ካድሬዎች፣ ጥቂቶች ከቤተሰብ ጋር፣ ብዙዎች ሚስትና ልጅ ትተው። እነዚህ ሰዎች መርከብ ላይ ሆነው ለቀሩት ሁለት ጣታቸውን ያሳዩ ነበር ይባላል። ሁለት ዓመት ማለታቸው ነው። ምርጫው ይደረግና እንመለሳለን።

በሰሜንና በደቡብ መካከል ደብዳቤ ተከለከለ፤ ፖስታ ካርድ ብቻ ተፈቀደ። ፖስታ የሌለው፣ ማንም የሚያነበው፣ ጥቂት መስመር የሚይዝ ካርድ። ሰው ለሚስቱ ምን ብሎ ይጻፍ? ደህና ነኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ያ ብቻ። እኔ እንኳ ለአንቺ ስጽፍ ስንት ወረቀት እንደምፈጅ ታውቂያለሽ። ወሰኑ ላይ ቤን ሃይ የምትባል ወንዝ አለች፤ ትልቅ አይደለችም፤ ሂየን ልዎንግ የሚባል ድልድይ ያሻግራታል። መሃሉ ላይ መስመር ተሰመረ። ሁለቱ ወገኖች በድልድዩ ቀለም ሳይቀር ተጣሉ፤ አንዱ ድርሻውን አንድ ቀለም ሲቀባ ሌላው ተከትሎ ያመሳስለዋል፣ የመጀመሪያው ደግሞ መልሶ ይለውጣል። በባንዲራ ምሰሶ ቁመት ይፎካከራሉ፤ በድምፅ ማጉያ ሲሰዳደቡ ያመሻሉ። ቀልድ ይመስላል እንጂ መስመሩ ድንበር አይደለም የሚለው ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ዕድሜ እንደነበረው የሚናገር ነው።

አሁን ደቡቡን ወደ ተረከበው ሰው፣ ወደ ንጎ ዲን ዲየም። አንቺ «የአሜሪካ አሻንጉሊት» ብለሽ ዘግተሽዋል። እዚያ ላይ ነው እርሳሴ የተሰበረው።

ዲየም የውጭ ሰው አልነበረም። በፈረንሳይ ዘመን ሚኒስትር ሆኖ፣ ፈረንሳዮች ለውጥ አንቀበልም ሲሉት ሥልጣኑን ጥሎ የወጣ ብሔርተኛ ነው። በ1945 ቬትሚኖች አሰሩት፤ ታላቅ ወንድሙን ገደሉት። ሆ ቺ ሚን አብረን እንሥራ ሲለው እምቢ አለ። በኋላ አሜሪካ ውስጥ በካቶሊክ ገዳማት ተጠግቶ ኖረ፤ በጁን 1954 ባኦ ዳይ ጠቅላይ ሚኒስትር አደረገው። እንዲህ ያለ ሰው ወንድሙን ከገደሉት ጋር የምርጫ ሳጥን ይካፈል ሲባል ምን እንደሚሰማው መገመት ይቻላል። ጁላይ 16 ቀን 1955 በሬዲዮ ቀርቦ የጄኔቫው ስምምነት አያስረኝም፣ ሰሜኑ ውስጥም ነፃ ምርጫ ሊደረግ አይችልም አለ። ይህ ሁለተኛው ቃሉ ባዶ አልነበረም፤ እመለስበታለሁ።

ነገር ግን ያን ቀን የተጠየቀው ምርጫ እንዲያደርግ አልነበረም። ለምርጫው ገና አንድ ዓመት ቀርቶታል። የተጠየቀው ቁጭ ብሎ እንዲነጋገር ነው፤ ማን ይመዘገባል፣ ማን ይቆጣጠራል፣ ጋዜጣ እንዴት ይሠራል፣ ተቃዋሚ እንዴት ይንቀሳቀሳል የሚለውን። ሁኔታው አልተመቸም የሚል ሰው ሁኔታው ወደሚመቻችበት ስብሰባ አልሄድም ካለ ምን ማለቱ ነው? ከዚህ በላይ የሚደንቀው ሂድ ያሉት ጠላቶቹ ብቻ አለመሆናቸው ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ መከሩት። አሜሪካም መከረችው! የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ፎስተር ደለስ ምርጫውን አይወደውም፤ ሆ ቺ ሚን ሊያሸንፍ ይችላልና በተቻለ መጠን ይዘግይ ብሎ ገና በ1954 ጽፏል። ቢሆንም በ1955 የዋሽንግተን ስልት ሌላ ነበር። ዲየም ይመካከር፤ ለጀርመን ምርጫ በርሊን ላይ ቀርቦ የነበረውን ዓይነት ጠንካራ የነፃነት ቅድመ ሁኔታ ያቅርብ፤ እምቢታው ከሰሜኑ ይምጣ፤ ዓለም ይታዘባቸው። ተንኮል አለበት፤ ግን ጠረጴዛ ነበረው። ዲየም ያንንም አልፈለገም፤ ዋሽንግተንም እየቆየች ተከተለችው። ኋላ፣ ጁን 1 ቀን 1956፣ ወጣቱ ሴናተር ጆን ኬኔዲ አስቀድሞ በተበላ ምርጫ ውስጥ እኛም ነፃዋ ቬትናምም አንገባም ብሎ ተናገረ፤ ነገሩ የዋሽንግተን አቋም ሆኖ ተቀመጠ። እንግዲህ «አሜሪካ አስቀረችው» ከማለት፣ ተደጋፊዋ አገር ደጋፊዋን ያሸነፈችበት ታሪክ ብትዪው ወደ እውነቱ ትቀርቢያለሽ።

ምክክሩ ሊጀመር በተባለበት ቀን፣ ጁላይ 20 ቀን 1955፣ ሳይጎን ውስጥ ሰልፈኞች የተቆጣጣሪው ኮሚሽን ሰዎች ያረፉበትን ማጀስቲክ ሆቴል ሰብረው ገቡ። ኮሚሽኑ የሕንድ፣ የካናዳና የፖላንድ ሰዎች ያሉበት ነው፤ ሊቀመንበሯ ሕንድ። መርማሪ እንጂ አስገዳጅ አልነበረም፤ ያን ቀን ሻንጣውን ማስጠበቅ አልቻለም።

ሦስት ወር ቆይቶ ያ «ነፃ ምርጫ አይቻልም» ያለው ሰው ራሱ ምርጫ ጠራ። ኦክቶበር 23 ቀን 1955፣ ባኦ ዳይ ወይስ ዲየም? ባኦ ዳይ ፈረንሳይ አገር ካን ከተማ ተቀምጧል፤ ዘመቻ ማድረግ አልተፈቀደለትም። የዲየም ወረቀት ቀይ ነው፣ እዚያ አገር የመልካም ዕድል ቀለም፤ የባኦ ዳይ አረንጓዴ። መራጩ አንዱን ሳጥን ውስጥ ሌላውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጥላል፤ የምርጫ አስፈጻሚው እያየው። የሲአይኤው ሰው ኤድዋርድ ላንስዴል ስድሳ በመቶ ይበቃሃል ብሎ መክሮት ነበር። ውጤቱ 98.2 በመቶ ተባለ። ሳይጎን ውስጥ 450,000 መራጭ ተመዝግቦ 605,025 ድምፅ ለዲየም ተቆጠረ። በነፃ ውድድርም ሳያሸንፍ አይቀርም ነበር፤ ባኦ ዳይን የሚወድ ብዙ ሰው አልነበረም። በነፃ መወዳደሩን ግን አልቻለበትም።

እዚህ ላይ አንድ እርማት። ከሕዝቡ ሰማንያ በመቶው ለሆ ቺ ሚን ይመርጥ እንደነበር አይዘንሃወር አምኗል ብለሽ ጽፈሻል። አይዘንሃወር በ1963 ባወጣው ማስታወሻው የሚናገረው በውጊያው ጊዜ ምርጫ ቢደረግ ኖሮ ስለሚሆነው ነው፣ ንጽጽሩም ከባኦ ዳይ ጋር። በ1956 ከዲየም ጋር ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር አይናገርም። ያን ቁጥር ሁሉም እየቆረጠ ይጠቅሰዋል፤ አንቺ ሙሉውን ጥቀሺ። ክርክርሽም ቢሆን ያለሱ አይወድቅም፤ ሰሜኑ በሕዝብ ቁጥር ይበልጣል፣ ሆ ቺ ሚን ፈረንሳይን ያሸነፈ ሰው ነው፣ የሰሜኑ ድምፅ ደግሞ አይበታተንም።

ለምን እንደማይበታተን ነው እንግዲህ እመለስበታለሁ ያልኩሽ። እኛ ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለን የሆ ቺ ሚን ስም በሰልፍ መዝሙራችን ውስጥ ነበር፤ ሽማግሌው ዛሬም ልቤ ውስጥ ቦታ አለው፣ አልክድሽም። ግን የ1956ቱን ሰሜን ተመልከቺ። የመሬት ክፍፍሉ ዘመቻ የጋለበት ወቅት ነው። በየመንደሩ «ባላባት» እየተባለ ሰው አደባባይ ይወጣል፤ ጎረቤቱ እንዲከሰው ይደረጋል፤ ልዩ ችሎት ይፈርዳል። በሺዎች የሚቆጠሩ ተገደሉ፤ ከተገደሉት ውስጥ ለቬትሚን የተዋጉ፣ ልጆቻቸውን ለጦሩ የሰጡ ነበሩ። ነገሩ ከልክ ማለፉን ሆ ቺ ሚን ራሱ በኦገስት 1956 ለሕዝቡ ጻፈ፤ በመኸሩ ጂያፕ በአደባባይ ጥፋቱን ዘረዘረ፤ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ቹዎንግ ቺን ከቦታው ተነሳ። ኖቬምበር ላይ በሆ ቺ ሚን የትውልድ ክፍለ ሀገር በንጌ አን፣ ኩዊን ሉ በምትባል ወረዳ ገበሬው ተነሳ፤ ጦር ተላከበት። እንግዲህ በጁላይ 1956 ሳጥን ተቀምጦ ቢሆን የዚያ መንደር ገበሬ ማንን ይመርጥ ነበር አትበዪኝ፤ ማንን ለመምረጥ ይደፍር ነበር በዪኝ። ዲየም ስለ ሰሜኑ የተናገረው ትክክል ነው። ስለ ራሱ ግዛት ዝም አለ እንጂ።

ግፊቱን ማን አደረገ፣ ምን ያህል? በርዕስሽ ላይ «ዓለም አቀፍ ግፊት» የሚል አለና ጠየቅሁሽ። ፋም ቫን ዶንግ ጁላይ 19 ቀን 1955 ለሳይጎን ጻፈ፤ በ1956ም ጻፈ፤ ቀኑ አልፎም እስከ 1960 ድረስ ሃኖይ መጻፏን አላቆመችም። ቻይና በ1956 መጀመሪያ ጉባኤው እንደገና ይጠራ አለች። የሚሰማ አልነበረም። የጄኔቫ ጉባኤ ሁለቱ ሊቀመናብርት እንግሊዝና ሶቪየት ኅብረት ለንደን ላይ ተገናኙ፤ በእንግሊዝ በኩል ሎርድ ሬዲንግ፣ በሶቪየት በኩል ግሮሚኮ። ሜይ 8 ቀን 1956 ለሁለቱም ወገን ደብዳቤ ላኩ፤ ሰላሙን ጠብቁ፣ ስለ ምክክሩና ስለ ምርጫው ጊዜ ሐሳባችሁን አሳውቁን፣ ኮሚሽኑም ሥራውን ይቀጥል የሚል። አዲስ ቀን አልቆረጡም፤ የቆየው ቀን ሲያልፍ ምን እንደሚሆንም አልነገሩም። ሞስኮ በዚያ ዓመት ክሩሽቼቭ ከምዕራቡ ጋር በሰላም አብሮ መኖርን የሰበከባት ሞስኮ ናት፤ ለሩቅ እስያ ወዳጅ ብላ ጠብ አታነሳም። እንዲያውም በጃንዋሪ 1957 ሰሜኑም ደቡቡም በተባበሩት መንግሥታት አባል ይሁኑ ብላ ሐሳብ አቀረበች፤ ይህ ማለት ለሁለት መከፈሉን ተቀበልን ማለት ነው። ሃኖይ ከጠላቷ ይልቅ በዚህ የደነገጠች ይመስለኛል።

ቀኑ ራሱ፣ ጁላይ 20 ቀን 1956፣ እንደማንኛውም ቀን አለፈ። ከስድስት ቀን በኋላ ናስር የሱዌዝ ቦይን ወረሰ፤ በጄኔቫ ከሞሎቶቭ ጋር ወንበሩን የተጋራው አንቶኒ ኢደን አሁን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበርና ሌላ ራስ ምታት ያዘው። ከዚያ የሃንጋሪ አመፅ መጣ። ቬትናምን ያስታወሰ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጥሩ አድርገሽ ጽፈሽዋልና አልደግመውም። የደቡቡ የ1959 ሕግ ቁጥር 10 ከወታደራዊ ችሎት ጋር፤ በዚያው ዓመት ሃኖይ የትጥቅ ትግሉን መፍቀዷ፤ ዲሴምበር 20 ቀን 1960 የብሔራዊ ነፃነት ግንባር መመሥረቱ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሪ። ከሰሜን ወደ ደቡብ በጫካው መንገድ መጀመሪያ የተላኩት አብዛኞቹ ሁለት ጣት ያሳዩት ሰዎች ናቸው። አገሩን የሚያውቁ፣ ቋንቋቸው የደቡብ፣ ሚስትና ልጅ እዚያ ያላቸው። ያ ሁለት ዓመት አምስት ሆኖባቸው፣ በምርጫ ሊመለሱ የነበሩት ጠመንጃ ይዘው ተመለሱ።

ታዲያ ምርጫው ቢደረግ ጦርነቱ ይቀር ነበር? ብያኔዬን ከፈለግሽ፣ በ1956 ነፃ ምርጫ አይሆንም ነበር፣ በሁለቱም በኩል። ያለቀለት ምርጫ ደግሞ ሰላም ያመጣል ብዬ አላምንም፤ ከደቡብ ያ ሁሉ ካቶሊክ ዳግመኛ ይሰደድ ነበር፣ ወዴት እንደሆነ እንጃ። እኔ የምቆጨው በጁላይ 1955 ነው። ያኔ ቢያንስ ለንግድና ለደብዳቤ የሚከፈት ድንበር፣ ለቤተሰብ መጠያየቂያ ፈቃድ፣ የሁለት ዓመቱን ቀን ወደ አራት ወይም ወደ አምስት የሚገፋ ስምምነት ሊገኝ ይችል ነበር። ሃኖይ ራሷ በንግድና በመንገድ ጉዳይ እንነጋገር ብላ ነበር። ጽሑፍሽን ከ1956 አንስተሽ 1955 ላይ ብታቆሚው የምልሽ ለዚህ ነው፤ ሁሉም የሚያለቅስበትን ቀን ትተሽ ማንም ያላየውን ቀን ትይዣለሽ።

እዚያ አሜሪካ፣ ፎልስ ቸርች ወዳለው የቬትናሞች ገበያ ኤደን ሴንተር ሾርባ ልትበዪ ስትሄጂ ቀይ ሦስት መስመር ያለበትን ቢጫ ባንዲራ ታያለሽ። የፈረሰችው የደቡብ ቬትናም ባንዲራ ነው። እዚያ ያሉትን ሽማግሌዎች አነጋግሪ፤ ግን እንደ ልጅ ሆነሽ፣ እያዳመጥሽ። ከነሱ አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ የሸሹ ናቸው፣ በ1954 ከሰሜን፣ በ1975 ከደቡብ። ካንቺ ቤተ መጻሕፍት ጋር የማይገጥም ነገር ይነግሩሻል። አትከራከሪያቸው። እኛም ሐበሾች ስለ ራሳችን አገር ለፈረንጅ ተማሪ ስናወራ ምን እንደምንመስል አይተሻልና።

ምርጫው በመጨረሻ ተደርጓል፤ ይህን ደግሞ ጭራሽ አልጻፍሽውም። ኤፕሪል 25 ቀን 1976፣ ሳይጎን ከወደቀች ከዓመት በኋላ፣ ሰሜንና ደቡብ ለአንድ ብሔራዊ ምክር ቤት ድምፅ ሰጡ፤ ከ98 በመቶ በላይ መራጭ ወጣ ተባለ፤ የሚቃወም ፓርቲ አልነበረም። ጁላይ 2 ውህደቱ ታወጀ። ሊደረግ ከነበረበት ሃያ ዓመት ዘግይቶ፣ ስንት ሚሊዮን ሰው ካለቀ በኋላ፣ አሸናፊው ታውቆ። 98ን ከዲየም 98.2 አጠገብ አስቀምጪው፤ አስተያየት አትጨምሪበት፣ መምህርሽ ማንበብ ይችላል።

የአንቺን ጽሑፍ ከነእርሳሴ ፎቶ አንስቶ የጎረቤት ልጅ ይልክልሻል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለውን ክብ አትመልከቺው፤ ቡና ነው። አያትሽ በርበሬና ሽሮ ለሚመጣ ሰው ልትልክልሽ አዘጋጅታለች፤ ማን እንደሚመጣ ከታወቀ በስልክ እንነግርሻለን። እናትሽን ሳሚልኝ።

የሚወድሽ አያትሽ